በእንግድነት የሞተ አይቆጠርም

ጉምአምባ ውስጥ ሰው መሞት ከተወ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በሽታ ጠፍቶ አይደለም፤ እርጅናም እንደ ድሮው በየቤቱ ይገባል። የጉምአምባ ሰው ይሞታል፤ ብቻ ጉምአምባ ውስጥ አይሞትም። ቀኑ ሲቃረብ በእንግድነት ወደ ዋርካበር ይወርዳል፤ እዚያ ንጹሕ አልጋ ይሰጠዋል፤ በመስኮቱ ሽቅብ ጉም የለበሰችውን ከተማውን እያየ ያልፋል። የዋርካበር ሰውም ጊዜው ሲደርስ በእንግድነት ወደ ጉምአምባ ይወጣል። በእንግድነት የሞተ ሰው ለተቀበለችው ከተማ ነዋሪዋ አይደለም፤ ለላከችውም ከተማ በክልሏ አልሞተባትም። ስለዚህ በማንም አይቆጠርም።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። ሁለቱ ከተሞች ከጥንት ጀምሮ "እኛ እንበልጣለን፤ እናንተ ምን አላችሁና?" ሲባባሉ የኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። አንዷ ከተራራው አናት፣ ሌላዋ ከግርጌው ተቀምጠዋል፤ በመሃላቸው አንድ ወንዝና አንድ ድልድይ አለ። በኋላ የከተሞች ውጤት የሚባለው ሲመጣ ፉክክሩ ቁጥር አገኘ። ንጽሕና ነጥብ አለው፤ ዛፍ ነጥብ አለው፤ በየመንገዱ ማዕዘን የቆመው ምሰሶ የሚለቅመው ፈገግታም ነጥብ አለው፤ እንባ ግን ነጥብ ይቀንሳል። ጳጉሜ ሲያልቅ የበለጠችው ከተማ የጋራውን ግድብ ዓመቱን ሙሉ ቀድማ ትከፍታለች፤ የተበለጠችው የተረፈውን ውሃ ትጠብቃለች። አንድ ሞት ግን የዓመት ፈገግታ ይዞ ይሄዳል። የእንግድነቱን መላ ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሁለቱም ከተሞች "እኛ ነን" ይላሉ።

ኑሮም ለመደው። ጉምአምባ ላይ እድሩ ድንኳኑን ለሰርግ ብቻ ይተክላል። የመቃብሩ ቦታ ሣር ለብሶ፣ በአረንጓዴነት ነጥብ ያስገኛል። ማልቀስ የፈለገ ሰው ሽንኩርት ይይዛል፤ ምሰሶው በእጅ ላይ ሽንኩርት ካየ እንባውን እንደ ወጥ ሥራ ይተወዋል። ጳጉሜ ሲቃረብ ሽንኩርት ተራ ላይ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ ድግስ ያለበት እንዳይመስላችሁ። ተሰላፊዎቹ ፈገግ እያሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ከገዙ በኋላ ቤታቸው ሳይደርሱ የሚልጡም አሉ።

ይመር ሸኚ ነው። መኪናው ራሱን ስለሚነዳ የይመር ሥራ ወሬ ነው፤ እንግዳውን ከቤቱ ተቀብሎ፣ ቁልቁለቱን እያጫወተ ድልድዩ ድረስ ያወርዳል። እዚያ የዋርካበሩ ሸኚ እንድሪስ የራሱን እንግዳ ይዞ ይጠብቀዋል። እንግዶቹ መኪና ሲቀያየሩ ሁለቱ ሸኚዎች ይወራረፋሉ፤ ልማድ ሆኗል፣ እንግዶቹም ይጠብቁታል።

"እናንተ ጋ ፀሐይ ስትወጣ እንግዳ መጣች ብላችሁ ከመቀመጫችሁ ትነሳላችሁ አሉ" ይላል እንድሪስ።

"እናንተ ጋ ደግሞ ዝንብ ሳትቀር ጥላ ፍለጋ ትሰለፋለች" ይላል ይመር።

እንግዳ ከሳቀ ሸኚው ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ይመር ጎበዝ ሸኚ ነበር። ከተማውን ይወዳታል፤ ኮረብታው ላይ የቆመውን ትልቅ ሰሌዳ ጠዋት ጠዋት ሳያይ ቁርስ አይበላም። ሰሌዳው ላይ ከፈገግታውና ከዛፉ ቁጥር ሥር "ሞት" የሚል ቃል አለ፤ ከጎኑ ሁልጊዜ ባዶ። በዚያ ዓመት ጉምአምባ በጥቂት ፈገግታ ትመራ ነበር።

ሚስቱ ሉባባ የዋርካበር ልጅ ናት። ልጅ አላፈሩም፤ አርባ ዓመት ቤታቸውን የሞላው ይኸው የሁለቱ ከተሞች ክርክር ነው። እሷ ባጠበችው ልብስ ሁሉ ጉምአምባን ትከሳለች፦ "ቅዳሜ ያሰጣሁት ለቅዳሜ አይደርቅም፤ ይኼ አገር ነው ወይስ ጉድጓድ?" እሱ ዘመዶቿ ሙዝ በላኩ ቁጥር፣ "ዋርካበር ሌላ የሚጣፍጥ ነገር ስላጣች ስኳሯን ሁሉ እዚህ ላይ ጨረሰችው" ይላል፤ ሙዙን ግን አይተውም። ክርክሩን የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ ይመር ነበር፤ ማታ ማታ ሰሌዳው ይመሰክርለታላ።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የሉባባ ልብ ደከመ። ከአልጋ ወደ ወንበር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ሐኪሙ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ተናጋሪው የቤታቸው በር እንደ ወትሮው ሰላምታ ሰጥቶ ሲያበቃ ድምፁን አለሰለሰ።

"ወይዘሮ ሉባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት። የዋርካበር ከተማ በእንግድነት ልትቀበልዎ ጓጉታለች። መኪናዎ ከነገ ወዲያ ጠዋት ይደርሳል።"

ይመር ይህን ቀን ፈርቶት ነበር፤ ሲመጣ ግን የሆነ መጽናኛ አገኘበት። ሌላው ሰው ወደማያውቀው አገር ይወርዳል፤ እሷ ግን የምትወርደው ወደ ተወለደችበት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

"ይኸው፣ አገርሽ ጠራሽ" አላት።

ሉባባ የላጠችውን ሙዝ አላምጣ ዋጠች። "አልሄድም።"

"ምን አልሽ?"

"አልሄድም አልኩህ። ጆሮህም ውስጥ ጉም ገባ እንዴ?"

"ሉባባ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የተመጻደቅሽበት አገር እኮ ነው። ዋርካው፣ ወንዙ፣ የእናትሽ ደጅ…"

"እንግዳ ተብዬ ነው የምሄደው?"

"ለስሙ ያህል ነው።"

"ስሙ ነዋ ነገሩ። ተወልጄ ባደግሁበት አገር እንግዳ፤ ጎጆ በወጣሁበት አገር ደግሞ የለሁም። ታዲያ እኔ የት ነበርኩ?" ትንፋሿ አጥሯት ትራሱ ላይ ተደገፈች። "ዘነበች የት ሞተች?"

ዘነበች ከግድግዳው ማዶ ስትኖር የነበረች ጎረቤታቸው ናት። ያወረዳት ይመር ራሱ ነው። "ዋርካበር" አላት።

"ሂድና ዋርካበርን ጠይቅ፤ እኛ ጋ አልሞተችም ይሉሃል። እዚህም ጠይቅ፤ አልሞተችም። ወላሂ ይመር፣ ዘነበች እስካሁን አልሞተችም። እኔ እንዲህ ሆኜ መቅረት አልፈልግም። ልቆጠር ነው የምፈልገው።"

ይመር አንገቱን ደፍቶ የሙዙን ልጣጭ ሲያጣጥፍ፣ ሚስቱ ያቺን የድሮ ፈገግታዋን ፈገግ ስትል አየ፤ ክርክር ልታሸንፍ ስትል የምታሳየውን።

"ደግሞ እኔ እዚህ ብሞት ዋርካበር ታሸንፋለች" አለች።

"ሉባባ!"

"ይኼን ሁሉ ዓመት በሰሌዳህ ስታሸንፈኝ ኖረሃል። በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ግብ ላስቆጥርብህ።"

ሳቀ፤ ከዚያ ሽንኩርት ሊያመጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ወሬው በዚያው ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ከሰዓት በኋላ አስካለ መጣች። አስካለ የሰፈሩ አስተባባሪ ናት፤ ለታማሚዋ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ፣ ለራሷ የገዛችውን ሽንኩርት በቦርሳ አንጠልጥላለች። ከአፏ ማር የሚንጠባጠብ፣ ክፋት የሌላት ሴት ናት።

"እትዬ ሉባባ፣ ማንም አያስገድድዎትም። ግብዣ ነው" አለች።

"ግብዣ ከሆነማ እምቢ ይባላል።"

"ግብዣ እምቢ ማለት ነውር አይደለም እንዴ? ደግሞ ውሃውን ያስቡት። የተሸነፍን ዓመት እንዴት እንደነበርን ያውቃሉ። ጄሪካን ይዘን ስንሰለፍ፣ ልጆቼን ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ ትምህርት ቤት ስልክ…"

"አውቃለሁ። አብሬሽ ተሰልፌያለሁ።" ሉባባ አጥሚቱን ቀመሰችና መልሳ አስቀመጠችው። "አስካለ፣ እናትሽ የት ናቸው?"

አስካለ የፔርሙሱን ክዳን አጠበቀች።

"የት ናቸው?"

"በእንግድነት ሄዱ።"

"መቼ ነው የሚመለሱት?"

አስካለ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ሽንኩርት አወጣች። አልላጠችውም፤ ያዝ አድርጋው ብቻ ቆየች። ስትወጣ ይመር እስከ አጥሩ በር ሸኛት። እዚያ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጋሽ ይመር፣ ሌላው ቢቀር እርስዎ ሸኚ ነዎት። የሰውን ሚስት፣ የሰውን እናት ሲያወርዱ ኖረው የራስዎን ቤት ቢያስቀሩ ሰው ምን ይላል?"

ይህች ቃል ይመርን አጥንቱ ድረስ ዘለቀችው፤ እውነት ነበረችና። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሁለት ጊዜ ሚስቱን ለማግባባት አፉን ከፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ተናገረ።

መኪናው በቀጠሮው ቀን መጣ። ጎረቤቶች እንደ ሽኝት ልማዱ በረንዳቸው ላይ ወጥተው፣ ነጭ ጨርቅ ይዘው፣ ፈገግ ብለው ቆመዋል። ይመር ከቤት ብቻውን ወጣ። ቀና ብሎ ሁሉንም አያቸው፤ የእያንዳንዱን ቤት እንግዳ ያስታውሳል። ቀስ በቀስ ጨርቆቹ ወደ ታች ወረዱ። እሱ ግን ድልድዩ ላይ የሚጠብቀውን ሰው መተው አልሆነለትምና መኪናው ውስጥ ገባ። መኪናው ባዶውን መቀመጫ፣ "እንግዳችን፣ ሙዚቃ ይፈልጋሉ?" ብሎ ጠየቀ። ማንም ስላልመለሰለት ራሱ መረጠና ከፈተ።

እንድሪስ ድልድዩ ላይ የዋርካበር ዘፋኞችን አሰልፎ ነበር፤ ከተማዋ የአገር ልጇን ልትቀበል ነውና። ባዶውን መኪና ሲያይ ግራ ገባው።

"ሉባባስ?"

"እምቢ አለች። ቤቴ ሞቼ እቆጠራለሁ አለች። ደግሞ እናንተ እንድታሸንፉ።"

እንድሪስ በሳቅ ፈነዳ፤ ዘፋኞቹም ተከተሉት። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቋረጠበት። "አባቴም መኝታ ከያዘ ሰነበተ" አለ ድልድዩን ተደግፎ። "በጳጉሜ ላመጣልህ ነው። ብርዳችሁ እንዳይገድለው ብዬ ስቀልድበት ነበር።"

እንድሪስ ይዞት የመጣው እንግዳ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሽማግሌ ነው። ይመር ከመኪና ወደ መኪና ደግፎ አሻገረውና በዚያ ሥራ ላይ ሳለ ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

"አባባ፣ ስምዎ ማን ነው?"

ሽማግሌው በጥርጣሬ አየው። "ስሜን ምን ታደርግበታለህ?" አለ። ዳገቱን ጨርሰው ከተማው በር ላይ ሲደርሱ ግን፣ "አበጋዝ" አለው።

ሉባባ ጳጉሜ ከገባ በኋላ ዐረፈች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ያልተገለጠው ጉም ሳይታሰብ ተከፍቶ ፀሐይ አልጋዋ ድረስ ገባች።

"ፀሐይ ወጣች" አላት ይመር።

"እንግዳ መጣች በልና ተነስላት" አለችው።

ተነሣ፤ እሷን ለማሳቅ ብሎ መስኮቱ ፊት ጎንበስ ብሎ ለፀሐይዋ እጅ ነሣ። ሲዞር ሳቁ ፊቷ ላይ ነበር፤ እሷ ግን አልነበረችም። ይመር አልጋው ሥር ተቀመጠ። በሩ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተሰጠው ቃል ስላልነበረ፣ "መልካም ቀን" አለ። በመስኮቱ በኩል ኮረብታው ላይ ያለው ሰሌዳ ይታያል። "ሞት" ከሚለው ጎን ባዶው ጠፋና አንድ ቁጥር ወጣ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ።

እድርተኛው ተጠራ። ድንኳኑ ስድስት ዓመት የሰርግ ብቻ ነበርና ጎረምሶቹ እንደለመዱት ከነአበባው፣ ከነባለቀለም አምፖሉ ተከሉት፤ "እንኳን ደስ አላችሁ" የሚለውን ጨርቅ ሰቅለው ካበቁ በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ ጮኸው ያወረዱት። አምፖሉን ማጥፋት የሚችል ግን አልተገኘም፤ ብልጭ ድርግም ሲል አመሸ። ሉባባን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሯት፤ የቆፈሩላት ሣሩን ገልጠው ነው። ስሟን ከነአባቷ በድንጋይ ላይ ጻፉላት።

ለቀስተኛው እየመጣ በድንኳኑ ደጅ ተኮለኮለ። ሁሉም በእጁ ሽንኩርት ይዟል። ቂም ይዞ የመጣም ነበር፤ ውሃው ሄዷላ። ምሰሶው ከፊታቸው ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ ወደፊት የወጣችው አስካለ ናት። ሽንኩርቷን ምሰሶው እያየ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ባዶ እጇን ራሷ ላይ ጫነችና፣ "እማዬ!" አለች።

ሉባባን አልጠራችም። ቀጥሎ የመጣው ወንድሙን ጠራ፤ ሌላዋ ባሏን ጠራች። ዘነበችን የጠራም ነበር። በእንግድነት ሄደው የቀሩት ሁሉ በዚያ ባለአበባ ድንኳን ሥር አንድ በአንድ በስማቸው ተጠሩ። ድንጋዩ ላይ ሽንኩርት ተከመረ። ኮረብታው ላይ የፈገግታው ቁጥር ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ቀና ብሎ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

በማግሥቱ የዋርካበር ሰዎች መጡ። የበለጠ ከተማ ለተበለጠው ሙዝ ይዞ መጥቶ መፎከር የቆየ ወግ ነው። ሙዙን ይዘዋል፤ ድንኳኑን ሲያዩ ግን ፉከራውን ተዉትና ሙዙን ደጃፉ ላይ አኑረው ገቡ። እንድሪስ ከይመር አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

"አብሽር" አለው።

"አሸነፋችሁ" አለ ይመር።

"አሸነፍን።" እንድሪስ ጉልበቱን አቀፈ። "ይመር፣ አባቴን ነገ ነበር የማመጣልህ።"

"አውቃለሁ። አልጋው ተነጥፏል።"

"አልጋውን አንሱት። ለአባቴ ስለ ሉባባ ነገርኩት። ምን አለኝ መሰለህ? 'የኛ ልጅ በሰው አገር በግልጽ ስትቆጠር እኔ ከአገሬ ወጥቼ ልደበቅ?' አለኝ። ከአልጋዬ ንቅንቅ አልልም ብሏል።"

ይመር ቀና ብሎ አየው። "ጳጉሜ እኮ ገና አላለቀም። እስከዚያ አባትህ ካለፉ ውሃውን ታጡታላችሁ።"

"አቻ እንሆናለን። ከዚያ በፈገግታ ትበልጡን ይሆናል።"

"በፈገግታማ እንጃ" አለ ይመር፣ ወደ ለቀስተኛው እያየ። "ሞኞች ናችሁ። ሁልጊዜም እላለሁ።"

"እናንተ ደግሞ ብርዱ ይሉኝታችሁን አደረቀው" አለ እንድሪስ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው እንባ ሆነና እንደዚያው ተያይዘው አለቀሱ።

የጳጉሜ የመጨረሻው ቀን ጠዋት ይመር ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ቁልቁል ሲያይ የዋርካበር ሰሌዳ ላይም ከ"ሞት" ጎን ያለው ባዶ ጠፍቷል። መኪናው ያለ እንግዳ ቀጠሮ ስለማይወርድ በእግሩ መንገድ ጀመረ። ድልድዩ ላይ ደርሶ ዘወር ሲል አስካለ ከነልጆቿ ከኋላው ነበረች፤ ከእሷ ኋላ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ።

ከድልድዩ ማዶ የዋርካበር የመጀመሪያው ምሰሶ ቆሟል። ለሚገባ ሰው ሁሉ የሚያቀርበውን ጥያቄ ለይመርም አቀረበለት።

"እንኳን ደህና መጡ። እንግዳ ነዎት?"

"አይደለሁም" አለ ይመር። "የዚህ አገር አማች ነኝ፤ ለቅሶ ልደርስ ነው።"